የአስታ ውሃን መንገድ ማን ይሄድበታል

ባለፈው ሳምንት ሰብለ ደወለችልኝ። ሰብለ ማለት እኔ ጡረታ ስወጣ በደባርቅ የመንገድ መሪዎችና የበቅሎ አከራዮች ማኅበር ውስጥ በቦታዬ የተተካችው ልጅ ናት። ከወጣሁ ወዲህ ስልኬ የሚጮኸው ወይ ለቅሶ ለመንገር ነው፣ ወይ የይለፍ ቃል ጠፍቶባቸው ነው። ሰብለ ግን ጨዋ ናት፤ ጤናዬን፣ ጉልበቴን፣ ዶሮዎቼን ሳይቀር ጠይቃ ነው ወደ ጉዳይዋ የገባችው።

«እትዬ ፋንታዬ፣ ድረ ገጹ እንደገና ዘገየ። የመንገድ ካርታው እስኪከፈት ሰው እየሰለቸው ይወጣል። እያቀለልኩት ሳለሁ ወደ አስታ ውሃ የምትወርድ አንዲት መስመር አገኘሁ። ሰው የሌለበት አገር ነው አሉኝ። ላጥፋት?»

«ቆይ፣ መልሼ እደውልልሻለሁ» ብዬ ዘጋሁት። መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም። የሥራ ዘመኔን ግማሽ ይዞ ስለሚመጣ በስልክ አልሆንልሽ ብሎኝ ነው። ረጅሙን እዚህ እጽፈዋለሁ፤ ለሰብለ አጭሩን እነግራታለሁ።

ሥራ የጀመርኩት ዳባት ነው፣ መንግሥት በተለወጠ ማግስት፣ በታይፒስትነት። ባሌ በጦርነቱ ሄዶ ሳይመለስ ቀርቷል፤ ልጅም አልወለድንም። መሥሪያ ቤቱ ከነበሩት የጽሕፈት መኪናዎች አንዱ በግርግሩ ጠፍቶ፣ የቀረው ጥርሱ የወላለቀ ነበር። «መ» አልመታም ስለሚል፣ ደብዳቤውን ከጨረስኩ በኋላ «መ»ዎቹን በእስክሪብቶ ሞልቼ ነው የማስፈርመው። ስለ ደመወዙ አላወራም፤ የዚያን ጊዜ ሰው ያውቀዋል።

ከጽሕፈት ክፍሉ ጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። እዚያ ጋሽ ደምለው የሚባሉ ካርታ ነዳፊ ብቻቸውን ይቀመጣሉ። አንድ ቀን እነዚያን «መ»ዎች ስሞላ ከኋላዬ ቆመው ያዩኝ ኖሯል። ለአለቃችን «ይቺ ልጅ እጇ አይንቀጠቀጥም፤ ለእኔ ስጡኝ» አሏቸው። አለቃችን ቸር ሰው ስለነበሩ ይሁን እኔን ለመሸኘት ቸኩለው እንጃ፣ ሳይከራከሩ ሰጧቸው።

ያን ጊዜ ካርታ የሚነደፈው በትሬሲንግ ወረቀት ላይ ራፒዶ በሚባል ባለ ቀጭን አፍ የቀለም ብዕር ነው። ትሬሲንግ ወዲያ ማዶውን የሚያሳይ ስስ ወረቀት ነው፤ ላብ አይወድም፣ እርጥበት አይወድም። ጋሽ ደምለው ወረቀቱን ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ታጥበው ደጅ ወጥተው ፀሐይ ላይ ዘርግተው ያደርቁታል። ፎጣ አይነኩም፤ ክር ይተዋል ይላሉ። ፀሐይ በሌለበት ክረምት በረንዳው ላይ እጃቸውን ዘርግተው ሲቆሙ ያየ መንገደኛ ጸሎት ላይ ናቸው ብሎ ሰላምታውን ይተወው ነበር። የተሳሳተ መስመር የሚጠፋው በምላጭ ነው። ምላጩን አጋድሞ ቀለሙን ብቻ መፋቅ፣ ከዚያ የሻከረውን በጥፍር ጀርባ አሽቶ ማለስለስ። ምንም ብታለሰልሰው ጠባሳው አይጠፋም፤ ወደ ብርሃን ስታነሳው ይታያል። እስክለምድ ድረስ ስንቱን ወረቀት በስቻለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ አልተቆጡኝም።

ከሁሉ የሚበልጠው ልማዳቸው ግን ጥያቄያቸው ነው። አንድ የእግር መንገድ ወደ ንጹሑ ካርታ ከመግባቱ በፊት ጣታቸውን መስመሩ ላይ አሳርፈው «ማን ይሄድበታል?» ይሉኛል። «ሰው» ብዬ ማምለጥ የለም። ስም መጥራት አለብኝ። ስም ካላወቅሁ ገበያ ወጥቼ ከዚያ አገር የመጣ ሰው ፈልጌ ጠይቄ እመለሳለሁ። «ቄስ መርሻ ለቅዳሴ ይሄዱበታል።» «እማሆይ ብርነሽ ውሃ ይቀዱበታል።» ያን ጊዜ «ይግባ» ይላሉ። ስም ያልተጠራለት መስመር በምላጭ ይፋቃል።

«ሰው የማይሄድበትን መንገድ መንደፍ» ይሉ ነበር፣ «እንግዳ ጠርቶ ቤቱን ቆልፎ እንደ መሄድ ነው። መንገደኛው ያንቺን መስመር አምኖ ሄዶ ገደል አፋፍ ላይ ሲቆም ማንን ይጥራ?»

ስለ ራሳቸው ግን ትንፍሽ አይሉም። ያን ሁሉ ዘመን አብሬያቸው ሠርቼ የማውቀው ቤታቸው ዳባት መሆኑን፣ ሚስታቸው መሞታቸውንና አልማዝ የምትባል አንዲት ልጅ እንዳለቻቸው ብቻ ነው። እኔም አልጠየቅሁም። ሁለት ዝምተኞች በአንድ ጠረጴዛ ላይ አጎንብሰን ከረምን። ደስ ይለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ እንደዚያ ያለ ጓደኛ አላገኘሁም።

ኋላ ወደ ደባርቅ ተዛወርኩ፤ ጎንደር ለኮምፒዩተር ሥልጠናም ተላክሁ። ከእኔ ጋር የሠለጠኑት ሁሉ ልጆቼ የሚሆኑ ነበሩና በእረፍት ሰዓት ብቻዬን ነበር የምቀመጠው። ስመለስ የመጀመሪያ ሥራዬ የጋሽ ደምለውን ካርታዎች መስመር በመስመር ወደ ኮምፒዩተር ማስገባት ሆነ። እሳቸው በዚያው ሰሞን ጡረታ ወጡ። እግራቸው አልታዘዝ ሲላቸው አልማዝ መጥታ ባሕር ዳር ወሰደቻቸው።

ከሚሌኒየሙ በኋላ ማኅበሩ ቀጠረኝ፤ ድረ ገጽ ሊያሠራ ነበርና ካርታ የሚያውቅ ሰው ፈለገ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፦ ወደ ሰሜን ተራሮች፣ ወደ ሳንቃ በርና ወደ ጨነቅ የሚሄድ እንግዳ ገና ከአገሩ ሳይነሳ መንገዱን አይቶ መሪና በቅሎ እንዲይዝ። ካርታውን እኔ ሰጠሁ፤ ድረ ገጹን አንድ የአዲስ አበባ ወጣት ሠራው። እዚያው ቢሮው ሲያሳየን ጥይት ነበር። ደባርቅ መጥተን ከፈትነው። ነጭ ገጽ መጣ። ጠበቅን፤ አሁንም ነጭ ነው። ሊያይ የተሰበሰበው ሰው አንድ አንድ እያለ ተበተነ። አንዱ በቅሎ ነጂ «ላም አለኝ በሰማይ» ብሎ ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ።

ሊቀ መንበራችን አቶ ሲሳይ ቀልድ የሚወዱ ሰው ነበሩ። በየጠዋቱ በሬ ላይ ብቅ ይሉና «ፋንታዬ፣ እንቁላሉ እንኳ በእግሩ ሄደ፤ ያንቺ ካርታ ተነሳ?» ይሉኛል። እየቀለዱም ቢሆን ነገሩን ነግረውኛል፤ የእንግዳው ወቅት እስኪገባ ካልተስተካከለ ድረ ገጹ ይዘጋል።

እኔን ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነው። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አልማዝ አባቷን ደግፋ ቤታቸው አጠገብ ወዳለው ኢንተርኔት ቤት ታስገባቸዋለች። ሲወጡ ይደውሉልኛል።

«ፋንታዬ፣ ዛሬም አልሆነም። ደባርቅ ድረስ ይመጣና ቀጥ ይላል። የከፈልነው ሰዓት ያልቅብናል።»

«ምን ሊያዩ ነው ጋሼ?»

«አገሬን ነዋ። እግሬ ቀርቷል፤ ዓይኔም እየፈዘዘ ነው። ጨርሶ ሳይጨልምብኝ በመስመርም ቢሆን ልየው ብዬ ነው። ቶሎ በይልኝ።»

አገሬ ያሉት ዳባትን መስሎኝ ነበር። ያን ክረምት ሁለት ነገር እሽቅድምድም ይዘው ነበር፤ የእሳቸው ዓይንና የእኔ ድረ ገጽ። ድረ ገጹ መቅደም አለበት ብዬ ቆረጥኩ።

የድረ ገጹ ጠባይ እንዲህ ነው። ደባርቅን አሳየኝ ስትለው ሰሜንን በሙሉ ተሸክሞ ይነሳል። አንድ ጣሳ ዱቄት ላክልኝ ብትለው ጎተራውን አዝሎ መጥቶ በር ላይ እንደሚወድቅ ሰው ማለት ነው። ካርታውን ቆራርጬ በትንንሽ ክፍል አደረግሁት፤ ሰው የሚያየው ክፍል ብቻ ይመጣል፣ ሌላው ሲጠራ ይነሳል። አንዴ የመጣው ደግሞ በተመልካቹ ማሽን ላይ እንዲቀመጥ አደረግሁ፤ ያኔ በማግስቱ ሲከፍት ያንኑ እንደገና ከሩቅ አይጠብቅም። ፎቶግራፎቹን ስመረምር ጭላዳዎቹ ግድግዳ የሚሸፍን መጠን ይዘው ተጭነዋል፤ ገጹ ላይ የሚታዩት ግን የክብሪት ቀፎ አክለው ነው። አሳነስኳቸው። ጽሑፉ እንዲቀድም፣ ካርታው እንዲከተል፣ ዝንጀሮው መጨረሻ እንዲመጣ ተራ አስያዝኩ።

ቀጥሎ መስመሮቹ ናቸው። ኮምፒዩተር ላይ መንገድ የነጥብ ሰልፍ ነው፤ ነጥቡ ሲበዛ ይከብዳል። ነጥብ የሚቀንስ ፕሮግራም አለ፤ ግን ገደልና ሜዳ አይለይም፣ ተጠማዞ የሚወርደውን መንገድ ቀጥ ያደርገዋል። እሱን ተከትሎ የሄደ ሰው አየር ላይ ነው የሚራመድ። ጋሽ ደምለው «እግር የሚዞርበትን ነጥብ አትንኪ» ይሉኝ ስለነበር፣ ሜዳውን ለፕሮግራሙ ሰጥቼ የገደሉን አንድ በአንድ በእጄ ለቀምኩ። በረዶ ሲጥል ቆርቆሮው ከመጮሁ የተነሳ የራሴን ሐሳብ አልሰማም ነበር። የምጠይቀው ሰው በአጠገቤ የለም፤ የአዲስ አበባው ወጣት ለኢሜይል መልስ አይቸኩልም። ማሽኑን ማናገር ጀመርኩ። «እስቲ አሁን ተነስ» እለዋለሁ። ቤቴ ስገባ ደግሞ የማናግረው እሱም የለም።

ድረ ገጹ በጣም ቀለለ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። እኔ ግን ሥራው ሲምርልኝ ጊዜ ፍጹም ይሁን አልኩ፤ የጋሽ ደምለውን ሕግ አነሳሁ። መሪዎቹንና በቅሎ ነጂዎቹን ግቢ ሰብስቤ የእያንዳንዱን መንገድ ስም እያነበብኩ «ማን ይሄድበታል?» አልኩ። ስም ጎረፈ። አንዱ የአማቱን፣ አንዱ የባላንጣውን ስም ሳይቀር ጠራ። «የአስታ ውሃ?» ስል ግን ዝም አሉ።

«ምንጩ ደርቆ ሰዉ ከተነሳ ስንት ዘመኑ» አለ አንዱ መሪ። «ታቦቱም ወደ ሌላ ደብር ተዛውሯል። ማን ይሄድበታል እትዬ? ጅብም የሚበላ አያገኝበት።»

ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ገብቼ አጠፋኋት። አንድ ቁልፍ ነው የነካሁት፤ ምላጭ የለ፣ ጥፍር የለ፣ ጠባሳ የለ። ሰርቨሩ ላይ ቦታ ይለቀቅ ብዬ አሮጌውን ቅጂም አብሬ ጠረግሁ። በራሴ ኮራሁ። ጋሼ አሁን ቢያዩኝ ብዬ ተመኘሁ።

እሑድ ደወሉ።

«ፋንታዬ፣ መጣ» አሉ። «ገና ወንበሩ ላይ ሳልደላደል መጣ። እጅሽ ይባረክ።»

«ዳባትን አዩት ጋሼ?»

«ዳባት የእንጀራ አገሬ ነው። የተወለድሁ አስታ ውሃ ነው። እሱን አጣሁት።»

መቀመጫ ፈልጌ ተቀመጥኩ። እሳቸው ቀጠሉ።

«ማን ይሄድበታል ብለሽ ጠይቀሽ ነበር?»

«ጠይቄ ነበር።»

«ስም የጠራ የለም?»

«የለም ጋሼ።»

«እንግዲያ ልክ ነሽ። እኔም ብሆን እፍቀው ነበር።»

«እመልሰዋለሁ። ነገውኑ እመልሰዋለሁ።»

«ማን ይሄድበታል?» አሉኝ፣ ልክ ዳባት እንደነበርን። «አየሽ፣ ሕጉ ለእኔ ተብሎ አይሻርም። ስም ስታገኚለት መልሺው።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ለመልቀምም አልተመቸኝ። እሳቸውን ሳልሰማ ልመልሰው ብል እንኳ ከየት አመጣዋለሁ? ቅጂውን ራሴ ጠርጌዋለሁ። ዳባት ሄጄ የትሬሲንጉን ወረቀት ባስፈልግ፣ የመጋዘኑ ጣሪያ አፍስሶ ካርታዎቹ እንደ ሊጥ ተጣብቀው አገኘኋቸው። ደግሞ የሚያበሳጨው፣ የዚያች መስመር ክብደት የአንድ ጭላዳ ጆሮ አያክልም። ብትኖርም ድረ ገጹ አይዘገይም ነበር።

ክረምቱ ጠንክሮ ስለነበር ያ ቁልቁለት አይሞከርም። በገበያ ቀን ከአስታ ውሃ የተነሱ ሰዎችን እየፈለግሁ ጠየቅሁ። «ድሮማ በየቀኑ ነበር የምንመላለስበት» ይሉኛል። ድሮ ስም አይሆንም። እሑድ እሑድ ስልኩ አልጮኸም። መስኮቱ አጠገብ ቁጭ ብዬ ዝናቡን እያየሁ እሑድን ጠላሁት።

ድረ ገጹ በበኩሉ ስም አወጣ። እንግዶች ወቅቱ ሳይገባ መሪ ይዘው መምጣት ጀመሩ፤ አቶ ሲሳይ በስብሰባ ፊት አቁመው አስጨበጨቡልኝ። እኔ ጭብጨባውን የሰማሁት ከጎረቤት ቤት እንደሚመጣ ነገር ነው።

መስቀል ባለፈ በሳምንቱ የሚሄዱበትን መንገድ የሚመዘግበውን የማኅበሩን ጂፒኤስ ይዤ ወደ አስታ ውሃ ተነሳሁ። አቶ ሲሳይ ብቻሽን አትሄጂም ብለው ባዬ የሚባል ስካውት፣ የፓርክ ጠባቂ ማለት ነው፣ አብሮኝ ላኩ። ከመኪና መንገዱ ተለይተን ብዙ ከተጓዝን በኋላ አፋፉ ላይ ደረስን። ባዬ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አድርጎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ከዚህ ወዲያ መንገድ የለም እትዬ» አለ።

«ነበረ።»

«የነበረ ብዙ ነገር ነው። ይመለሱ፤ ጉልበትዎም ደህና አይደለም።»

«አንተ እዚሁ ጠብቀኝ» አልኩት። ሥራው እኔን መጠበቅ እንጂ መንገዱን መሄድ አይደለም፤ ደግሞም ብቻዬን መውረድ ፈልጌ ነበር።

መንገዱን የአስታው ቁጥቋጦ ውጦታል። ቅርንጫፉን እየገለጥኩ፣ አንዳንዴም በመቀመጫዬ እየተንሸራተትኩ ወረድኩ። እግሬ ሲስት መንገዱ በሌላ በኩል መሆኑ ይገባኛል፤ ተመልሼ ስሞክር ከሣሩ ሥር በብዙ ዘመን እግር የለሰለሰ ድንጋይ አገኛለሁ። የፈረሰ የእርከን ካብ አለፍኩ፤ ምንጩ የነበረበትን፣ አሁን ጭቃው ተሰነጣጥቆ የደረቀውን ጉድጓድ አየሁ። ከዚያ በታች የቤቶቹ መሠረት በክብ በክብ ሣር ለብሶ ተቀምጧል፤ ከመግቢያው አንድ ትልቅ ጽድ ቆሟል። ድምፅ የለም። ጽዱ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ፤ የሚያየኝ ስለሌለ እንደ ልቤ አለቀስኩ። ለጋሼ ብቻ አልነበረም። እኔም ከእንግዲህ ወዴትም ብሄድ ስሜን የሚጠራ እንደሌለ ያኔ ነው በደንብ የገባኝ።

ወጥቼ ኔትወርክ ያለበት አፋፉ ላይ ደወልኩ። ያነሳችው አልማዝ ናት።

«እትዬ ፋንታዬ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አባዬ ከነሐሴ ወዲህ ጭራሽ አያዩም። እሷን አታስጨንቂያት ብለው ነው ያልነገርኩዎት። ቆይ ላቅርብልዎ።»

ዓይናቸው ቀድሞኛል። ስልኩ ጆሯቸው ላይ ሲደርስ ትንፋሻቸው ተሰማኝ።

«ጋሼ፣ ስም አገኘሁለት።»

«ማን?»

«ፋንታዬ።»

ነፋሱ ስለበረታ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩ።

«ወርደሻል?»

«ወርጄ ወጣሁ።»

«እስቲ ንገሪኝ።»

ነገርኳቸው፤ አስታውን፣ ካቡን፣ ምንጩን፣ ጽዱን። የስልኬ ካርድ እንዳያልቅብኝ ፈርቼ እየተጣደፍኩ ነበር።

«አይ» አሉ። «ከካቡ ወደ ምንጩ ዘለልሽ። መሐሉ ላይ ወደ ግራ የሚያዞር አለት አለ። እናቴ እንስራዋን የምታሳርፍበት።»

«አለ ጋሼ። አለቱ አለ።»

«እንግዲያ ከላይ ጀምሪ። አታፍጥኚው።»

ከላይ ጀመርኩ። ያን ክረምት በሙሉ ለማፍጠን የለፋሁት ሴትዮ ካርድ ያልቅ ይሆናል የሚለውን ረስቼ፣ በየመዞሪያው እየቆምኩ፣ ድንጋዩን በድንጋይ ነገርኳቸው። በየመዞሪያው «እህ» ይላሉ። አለቱ ጋ ስንደርስ እንዳርፍ ነገሩኝ፤ አረፍኩ። ጽዱ ጋ ስንደርስ «እህ» ማለታቸው ቀረ። ትንሽ ቆይተው «ደረስን» አሉ።

መስመሯን በማግስቱ ወደ ካርታው መለስኳት። እሳቸው ሳያዩአት በዚያው ዓመት በዐቢይ ጾም አረፉ፤ ባሕር ዳር ተቀበሩ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ስህተት ሠርቻለሁ፣ ብዙውንም አርሜያለሁ። ይህኛው ግን ታርሞም አይጠገን፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ ዓመት በመጣ ቁጥር መስቀል ሲያልፍ እወርዳለሁ። ሌላ ስም የላትምና አንድ ዓመት ብቀር ሕጉን አፈረስኩ ማለት ነው። ባዬ አሁን መጠበቁን ለምዶታል፤ ለምን እንደምወርድ ጠይቆኝ አያውቅም። ጡረታ ስወጣ ማኅበሩ ጋቢ አልብሶ ሸኘኝ፤ ወንበሬን፣ ማሽኑን፣ ቁልፉን አስረከብኩ። ይቺን አንድ ሥራ ግን ልረከብሽ ያለኝ ሰው አልነበረም።

ትናንት ለሰብለ ደወልኩላት።

«መጀመሪያ ጭላዳዎቹን እዪ» አልኳት። «አንዱ መሪ አዲስ ፎቶ እንዳለ ጭኖልሽ ይሆናል፤ የሚያዘገየው እሱ ነው።»

ሳቀች። «እውነትም ጭነዋል። የአስታ ውሃዋስ እትዬ?»

«ማን ይሄድበታል ብለሽ ጠይቂኝ።»

ግራ ገባት መሰለኝ፤ ቢሆንም ጠየቀችኝ። «ማን ይሄድበታል?»

«ፋንታዬ ትሄድበታለች።»

«በዚያ ጉልበትዎ?»

«ቀስ እያልኩ። እንዲያውም እንዲህ እናድርግ፤ መስቀል ሲያልፍ ደርሼ ስመለስ ካፋፉ ላይ እደውልልሻለሁ። ያልደወልኩ ዓመት አጥፊያት።»